በስተእርጅና የሚመጣ ራስ ምታት

«አባባን ራሳቸውን አሟቸዋል» ሲባል ብዙዎቻችን ማስታገሻ ሰጥተን፣ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። እንዲህ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ራስ ምታት ግን አለ።

ስትሮክ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን የደም ግፊት ነው፤ እውነትም ዋነኛው መንስኤ እርሱ ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ግን የደም ሥር ራሱ ተቆጥቶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሞች ጃይንት ሴል አርተራይትስ ይሉታል። ከ50 ዓመት በታች እምብዛም አይታይም፤ ከ70 በኋላ ይበዛል፤ ሴቶችን አብልጦ ያጠቃል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይበልጥ ቢታወቅም በሌላውም ሕዝብ ይገኛል። የደም ሥሩ ግድግዳ ሲያብጥ መተላለፊያው ይጠብባል። ደም ወደ ዓይን ካልደረሰ ዓይን ይጠፋል፤ ወደ አንጎል ካልደረሰ ስትሮክ ይከተላል። የጠፋው የዓይን ብርሃን ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከዚህ በፊት ያልነበረ ራስ ምታት፣ በተለይ ከጆሮ በላይ ባለው የራስ ጎን፤ ፀጉር ሲበጠር የራስ ቆዳ ማመም፤ ሲያኝኩ መንጋጋ መድከምና ማመም፤ ዓይን ለአፍታ መጋረድ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፤ ጠዋት ጠዋት የትከሻና የዳሌ መተሳሰር፤ ክብደት መቀነስ። እማማ ቆሎውን ትተው ፍትፍት ብቻ ካሉ ጥርሳቸውን ብቻ አንጠርጥር።

ምርመራው ኢ.ኤስ.አር. እና ሲ.አር.ፒ. በሚባሉ የደም ምርመራዎች ይጀምራል፤ ከራስ ጎን የደም ሥር ትንሽ ናሙና ተወስዶም ሊረጋገጥ ይችላል። ሐኪሙ አጥብቆ ከጠረጠረ ግን የናሙናውን ውጤት ሳይጠብቅ ፕሬድኒሶሎን ያስጀምራል፤ የዓይን ነገር ቀጠሮ አይሰጥምና።

ራስ ምታቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ሕክምናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይዘልቃል። «ተሽሎኛል» ብሎ ክኒኑን በድንገት ማቆም ሕመሙን ሊመልስ፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም ብቻ ነው። መድኃኒቱ ስኳርንና ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ አጥንትንም ሊያሳሳ ስለሚችል ክትትል ያሻዋል። ስለ ፈውስ እንጸልያለን፤ እየጸለይንም ክኒኑን በሰዓቱ እንሰጣለን።

ባለትዳሮች ሆይ፣ የሁለታችሁንም ወላጆች ስትጠይቁ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ሲያኝኩ ያማቸው እንደሆነ፣ ሲያበጥሩ ይቆረቁራቸው እንደሆነ፣ ዓይናቸው ጋረድ ብሎባቸው ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ዓይናቸው ከተጋረደ፣ ፊታቸው ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ ለነገ አትበሉ።