የእንዶድ ከቲንግ ለቆቃ

ከሞጆ ተነስቶ ወደ ዝዋይ የሚጓዝ ሰው ቆቃ ላይ ዓይኑ በሁለት ነገር ላይ ያርፋል፤ በሐይቁና በነጮቹ የአበባ ግሪንሃውሶች። ሐይቁ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ያለቀው ግድብ የፈጠረው ነው። መብራት ሰጠ፣ ዓሣ ሰጠ፣ በዳርቻው ቲማቲምና ሽንኩርት አለማ። ወባንም አበዛ። በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ከውሃው ዳር እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባሉ መንደሮች በሽታው ራቅ ካሉት ይልቅ እጅግ እንደሚበረታ አሳይተዋል። ከግድቡ በታች፣ አዋሽ ወደ ወንጂ የአገዳ ቦዮች በሚገባበት ደግሞ ቢልሃርዝያ ሠራተኛውንና ልጆቹን ለአሥርተ ዓመታት ሲያሰቃይ ኖሯል።

የቢልሃርዝያው ነገር ከእንዶድ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ማደግ ግድ ይለዋል። ቀንድ አውጣው ከሞተ መተላለፊያው ተዘጋ ማለት ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በአድዋ በተደረገው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ያውም በአካባቢው በሚበቅል ፍሬ!

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ጎን ለጎን ተከሉ፣ ለኩ፣ አነጻጸሩ። ብዙ ፍሬ የሚሰጠውን፣ ቶሎ የሚያድገውንና ቀንድ አውጣን አጥብቆ የሚገድለውን መረጡ፤ እሱም “ዓይነት 44” ተባለ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ምርጫ የነገረን ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም። ከአንዱ አጥር የተለቀመው ፍሬ ቀንድ አውጣውን ሲጨርስ ከሌላው አጥር የተለቀመው ሊያንስ ይችላል። ልዩነቱ በከፊል ከአፈርና ከዝናብ፣ በከፊል ደግሞ ከዘር ነው። እንዶድ ወንዱና ሴቷ ተለያይተው የሚበቅሉ ተክል ስለሆነ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። የዓይነት 44ን ዘር የዘራ ሰው ዓይነት 44ን አያገኝም፤ ገሚሱ ወንድ ይሆንበታል፣ የቀረውም ከአባቱ የወረሰውን ይዞ ይመጣል። ምርጡ ዓይነት እንደነበረ የሚቀጥለው ከቅርንጫፉ እየተቆረጠ ሲተከል ብቻ ነው። ተክሉ ከተነቀለ ምርጫውም አብሮ ይነቀላል።

በፍሬው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ያስደንቃል። ዕፅዋት ሁሉ አምስት አምስት ካርቦን ያላቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች ይሠራሉ፤ ሦስቱ ሲጋጠሙ 15 ካርቦን ያለው አንድ ሞለኪውል ይወጣል። መንገዱ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የአሪቲ ዘመድ የሆነው የቻይናው አርቴሚሲያ ይህን ሞለኪውል በአንድ ኢንዛይም አጣጥፎ፣ በሌሎች ኢንዛይሞች ኦክስጅን ጨምሮበት የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒን ይሠራል። እንዶድ ግን ሁለቱን አጋጥሞ 30 ካርቦን ያደርገዋል፣ ይጠቀልለዋል፣ ከዚያም ስኳር እየሰካ ሳፖኒን ያደርገዋል። ከእነዚህ ሳፖኒኖች አንዱ በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ለአብዛኛው እርምጃ ኢንዛይም አለ፣ ለኢንዛይሙም የሚያዝዘው ጂን። የቆቃና የወንጂ ሕዝብ የሚሰቃይባቸው ሁለት በሽታዎች መዋጊያ ከአንድ መነሻ ተነስቶ በሁለት ተክል ውስጥ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል።

እንዶድ መርዙን በደረቅ ፍሬው ውስጥ የሚያኖረው በሁለት ወገን በስኳር አስሮ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ቀንድ አውጣን አይነካም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ የራሱ ኢንዛይም የአንዱን ወገን ስኳር ይቆርጠዋል፣ ያኔ መግደል ይጀምራል። ሰናፍጭ ደረቁን ሲይዙት ሽታ ሳይኖረው፣ ተፈጭቶ በውሃ ሲለወስ አፍንጫ እንደሚሰነጥቀው ነው። ስለዚህ ጥሩ እንዶድ መርዙን የሚሠሩት ጂኖች ብቻ ሳይሆኑ መርዙን የሚፈታው ጂንም የበረታበት መሆን አለበት።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ ሌሎች ያደረጉትን ይመልከት። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ አርቴሚሲኒንን እ.ኤ.አ. በ1972 ለይተው በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ በመካከሉ ግን የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 የተክሉን የጂን ካርታ አውጥተው ብዙ መድኃኒት የሚሰጡ ዝርያዎችን ለማዳቀል መንገድ ከፈቱ። ለእንዶድ የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ የቺሊው የሳሙና ዛፍ ነው። የዚያም ቅርፊት ልብስ ማጠቢያ ነበር። ዛሬ ከቅርፊቱ የሚወጣው ሳፖኒን አርቲኤስኤስ በተባለው የወባ ክትባት ውስጥ ገብቷል፤ ጂኖቹም አንድ በአንድ ታውቀው በ2024 ተመራማሪዎች ያንኑ ሳፖኒን በእርሾ ሠርተውታል። የዛፉ ሳፖኒንና የእንዶዱ መንገዳቸው እስከ አጋማሹ አንድ ነው።

የእንዶድን ጂን ኢትዮጵያ ራሷ ብታነበው የሚሻልበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የሐይቆችን ቧንቧ የሚደፍን የዛጎል እንስሳ ለመከላከል መጠቀምን በፓተንት አስመዘገበ። አክሊሉ ለማ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተጠቅሰዋል፤ መብቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ሆነ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለፈቃድ እንዳይወሰድ ይከለክላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ሆኖም በአጥር ሥር ያለ፣ ያልተለካና ያልተነበበ ተክልን ሕግ ብቻውን ዋጋ አይሰጠውም።

እዚህ ላይ ነው ቆቃ የምትመጣው። እነዚያ ነጭ ግሪንሃውሶች ሁሉም ጽጌረዳ አያበቅሉም፤ አንዳንዶቹ የአበባ ከቲንግ፣ ማለትም ለተከላ የሚሆን ቁራጭ፣ እየቆረጡ ወደ አውሮፓ ይልካሉ። ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ከአንድ እናት ተክል ብዙ ቡቃያ ሳይበላሽና ሳይደባለቅ እንዴት እንደሚወሰድ በእጃቸው ያውቁታል። ለዓይነት 44ና ለመሰሎቹ የሚያስፈልገው ሙያ ይኸው ነው። በአውሮፓ ሰገነት ላይ የሚቀመጥ አበባ በዚህ ጥንቃቄ እየተባዛ፣ አገር የመረጠችው መድኃኒት በዕድል መቅረቱ ያሳዝናል።

የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በየትምህርት ቤቱ ይታደላል፣ ትሉንም ይገድላል፤ ነገር ግን ልጁ በማግስቱ ወደ ቦዩ ሲገባ እንደገና ከመያዝ አያድነውም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ ይነስነስ የሚል ሰው ከቆቃ ዓሣ አጥማጆች ጋር ይጣላል፣ መጣላትም ይገባዋል። የእንዶድ ቦታው ልጆች የሚዋኙባቸውና ልብስ የሚታጠብባቸው ቦዮችና ትናንሽ ጅረቶች ናቸው። እንዶድ ደጋና ወይና ደጋ ይወዳል፤ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቆቃ ለእሱ ታችኛው ጠርዝ ናት። አድዋ የበረታው እዚህ ይበርታ አይበርታ የሚታወቀው ተተክሎ ሲለካ ነው።

ለመጀመር ሰፊ መሬት አያስፈልግም። የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረጡትን ዓይነቶች ከቲንግ ያቅርቡ፤ አንድ የአበባ እርሻ ጥቂት መደብ ይስጥ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የየዓይነቱን ፍሬ ሳፖኒን ይለኩ፣ ጠንካራውንና ደካማውን ጎን ለጎን አድርገው የትኞቹ ጂኖች እንደሚለያዩ ይመርምሩ። በዚያ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ዓይነት በወንጂ ቦዮች ዳር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ለአጥር ይታደል፣ ስንት ፍሬ በስንት ውሃ እንደሚወቀጥም አብሮ ይነገራቸው።