በእጅ ማስላት ይቅር ለሚሉ ጓደኞቻችን

ከምሕንድስና ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ «ኮምፒዩተር በደቂቃ የሚጨርሰውን የፍሬም ስሌት በወረቀትና በእርሳስ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው፤ ከትምህርቱም ከፈተናውም ይውጣ» ሲሉ ይሰማል። ሐሳቡን የሰነፍ ሐሳብ ነው ብለን አንንቀውም። ጊዜ ውድ ነው፤ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ሲመጣም ኮምፒዩተሩ ከእኛ ይበልጣል። ይሁን እንጂ እኛ አንስማማም፤ ምክንያታችንንም በቁጥር ለማስረዳት እንወዳለን።

በአዳማ ወይም በሞጆ መንገድ ዳር የሚሠራ የአንድ ሱቅ አጽም እንውሰድ። ሁለቱ ኮለኖች 3 ሜትር ቁመት አላቸው፤ በላያቸው የ6 ሜትር ትራቭ ተጋድሟል፤ የሁሉም ውፍረት አንድ ነው፤ እግሮቻቸው በመሠረቱ ላይ እንደ ማጠፊያ ይዞራሉ። በትራቩ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር 20 ኪሎኒውተን ጭነት አለ እንበል።

ትራቩ በኮለኖቹ ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ቢሆን ኖሮ፣ ጭነቱ በርዝመቱ ካሬ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል፣ በመካከሉ ያለው ቤንዲንግ ሞመንት 90 ኪሎኒውተን ሜትር በሆነ ነበር። ጫፎቹ ፈጽሞ የማይዞሩ ቢሆኑ ደግሞ በጫፎቹ 60፣ በመካከሉ 30 ይሆናል። እውነተኛው ፍሬም ግን በሁለቱ መካከል ነው። አሜሪካዊው መምህር ሃርዲ ክሮስ በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ መሠረት፣ ማዕዘኑን ለጊዜው ቆልፈን 60ውን እናገኛለን፤ ከዚያ ስንለቀው ኮለኑና ትራቩ እንደ ግትርነታቸው ይካፈሉታል። የኮለኑ ግትርነት 3 ለ3 ሲካፈል 1 ነው፤ የትራቩ 2 ለ6 ሲካፈል አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ኮለኑ ከ60ው ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 45 ይይዛል፤ በመካከሉም ከ90 የተረፈው 45 ይቀራል። ከ90ው የጠፋ የለም፤ መካከሉ የተገላገለውን ማዕዘኑ ተሸከመው።

አሁን መሬት ትንቀጥቀጥ፤ ፍሬሙም ከላይ በ40 ኪሎኒውተን ወደ ጎን ይገፋ። እያንዳንዱ ኮለን 20 ይካፈላል፤ በ3 ሜትር ሲባዛ 60 ይሆናል። በአንደኛው ማዕዘን 45 ሲደመር 60፣ 105 ይሆናል፤ በሁለተኛው 45 ሲቀነስ 60፣ ከዜሮ በታች 15 ይሆናል። ምልክቱ ተለወጠ ማለት ከትራቩ በላይ በኩል የነበረው መሳሳብ ወደ ታች ወረደ ማለት ነው። መንቀጥቀጡም ተመላላሽ ስለሆነ ሁለቱም ማዕዘኖች ሁለቱንም ያያሉ። ስለዚህ የቁም ጭነት ብቻ ያልጠየቀው ፌሮ በማዕዘኑ ታችኛ በኩልም ያስፈልጋል።

ይህንን በእርሳስ የሠራ ሰው አይረሳውም። ኮምፒዩተሩ ግን ማዕዘኑ ግትር ነው ካልነው ግትር አድርጎ ያሰላል እንጂ፣ ፌራዮው የትራቩን ፌሮ ወደ ኮለኑ አጥፎ ማስገባቱን አያውቅም። ፌሮው ካልገባ የወረቀቱ ግትር ማዕዘን በሥራው ቦታ ማጠፊያ ሆኖ ይገኛል፤ እግሩም ማዕዘኑም ማጠፊያ የሆነ ፍሬም ደግሞ የጎን ግፊት ሲመጣ አይቆምም።

ነገሩ የክፍል ውስጥ ጨዋታ እንዳይመስለን። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተነሣው ደግሞ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። አገራችን በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሕንፃ ኮድም ስምንተኛውን ክፍል ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቶ ነበር። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲወጣ፣ ነገ በፕላኑ ግርጌ የሚፈርመው ከእኛ መካከል አንዱ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማንም ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት የፍሬሙን አጎባበጥና የሞመንቱን ሥዕል በእጁ ይሣል። ሁለተኛ፣ ከኮምፒዩተር የወጣ ውጤት ሁሉ ቢያንስ በአንድ የእጅ ስሌት ሳይመረመር አይቅረብ። ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበር በየሴሚስተሩ ወደ ግንባታ ቦታ ጉብኝት ያሰናዳ፤ ቀኑም ፌሮ የሚታሰርበት እንጂ ሕንፃው የሚመረቅበት አይሁን። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ማዕዘኑን ከፍቶ የሚያይ የለምና።

ኮምፒዩተሩ ይኑር፤ አገልጋይ ነው። የሚያዘው ሰው ግን መልሱ ከመምጣቱ በፊት መልሱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባው የሚያውቅ ይሁን። የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ቁጥሩን ግን ይዞ ይምጣ።