የዕቃን ጠባይ ሳያውቁ መፈረም

«ብረት ጠንካራ፣ ፕላስቲክ ደካማ ነው» ማለት የተለመደ ነው። እኛ ግን ዕቃ ሁሉ የሚመዘነው በውስጥ አሠራሩና በሚውልበት ሥራ ነው እንላለን። የብረት አቶሞች በሥርዓት ተሰልፈው የተደራረቡ በመሆናቸው አንዱ ድርብ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ለስላሳ ብረት ሲመታ ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ፕላስቲክና ጎማ ግን እንደ ፈትል ከረዘሙ ሞለኪውሎች የተሠሩ ናቸው፤ ፈትሉ በሙቀት ይላላል፤ በብርድ ይደርቃል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኩራኩር ስትነሣ፣ የሮኬቷ የጎማ ማሸጊያ ቀለበት በብርድ ደርቆ የጋለ ጋዝ በማሾለኩ 7 ሰዎች አለቁ። መሐንዲሶች በዋዜማው አስጠንቅቀው ነበር፤ ኃላፊዎቹ ግን ሳይቀበሏቸው ቀሩ።

ዛሬም ሆነ ነገ በዕቃ ግዥ ላይ የምትፈርሙ ወጣቶች ሆይ፣ ከዋጋው አስቀድማችሁ ጠባዩን ጠይቁ፤ የሚያውቀውንም ሰው ስሙ።