ድር ቢያብር ንጹሕም ያስራል

«በአንድ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው ሐረግ የቃለ ጉባኤዎቻችን ሁሉ መዝጊያ ነው። ወላይታ ሶዶ ላይ በሰፈር ዕድርም ይሁን በጉታራ አዳራሽ፣ እጅ ሁሉ ሲወጣ ጭብጨባ ይከተላል። ለመሆኑ የምናጨበጭበው ለእውነቱ ነው ወይስ ለእጁ ብዛት?

በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲድኒ ሉሜት ፊልም «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» ይህንኑ ጥያቄ ነው የሚያነሣው። በሚያቃጥል ሙቀት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች አባቱን ገድሏል በተባለ ወጣት ላይ ለመፍረድ ይቀመጣሉ። ሁሉም መስማማት አለባቸው፤ «ጥፋተኛ» ካሉት የሚጠብቀው ሞት ነው። በመጀመሪያው ድምፅ 11 እጆች ይወጣሉ። ልብ ብሎ ያየ ተመልካች ግን እጆቹ እኩል እንዳልወጡ ያስተውላል፤ ጥቂቶቹ ፈጥነው ይነሣሉ፣ ሌሎቹ ግራ ቀኛቸውን ዐይተው ይከተላሉ። ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ሰው ብቻ እጁን አያነሣም። እሱም ቢሆን ልጁ ንጹሕ ነው አላለም። የሰው ሕይወት በእጃችን ነውና ጥቂት እንነጋገርበት ነው ያለው።

እነዚያ ዘግይተው የሚነሡ እጆች የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደሉም። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ አደረገ። አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ተባባሪዎቹ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዐይናቸው ያየውን ክደው አብረው ተሳሳቱ። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ መልሱ ለብቻ በጽሑፍ ሲሰጥም እንዲሁ። ፎንዳም በፊልሙ ውስጥ በምስጢር ወረቀት ድምፅ ይሰጥ ብሎ ይጠይቃል፤ ወዲያው አንድ ሽማግሌ ከጎኑ ይቆማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን። ንጹሕ ሰውንም እንደሚያስር ግን አንናገርም።

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጁሪ የለንም» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ በፍርድ ቤቶቻችን የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው። ነገር ግን ሦስት ሆነው በተሰየሙበት ችሎት ያልተስማማው ዳኛ የልዩነት ሐሳቡን ያስመዘግባል። ሕጉ ለብቸኛው ሰው ቦታ ሰጥቶታል። ቦታ የነፈግነው እኛ ነን፤ በዕድር፣ በማኅበር፣ በቀበሌ።

ሽምግልናን መንቀፌ አይደለም። የወላይታ ሽማግሌዎች ለጊፋታ በዓል የተጣላን ሲያስታርቁ ግባቸው ስምምነት ነው፤ ሊሆንም ይገባል። ይሁን እንጂ «የማኅበሩን ገንዘብ ማን አጎደለ?» የሚለው ጥያቄ በእርቅ ደንብ አይመለስም። እርቅ ሁሉም እሺ እንዲል ይሻል፤ እውነት ግን «እስቲ ቆይ» የሚል አንድ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን ስናምታታ የተጠረጠረው ሰው ለሰፈሩ ሰላም ሲባል ጥፋተኛ ይሆናል።

«እስቲ ቆይ» የሚለው ድምፅ በጊዜው ካልተሰማ የሚከፈለውን ዋጋ ወላይታ አሳምሮ ያውቀዋል። በ1991 ዓ.ም. በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» የተባለ የማስተማሪያ ቋንቋ ተበጀ፤ መጻሕፍቱም ታትመው ትምህርት ቤት ገቡ። መምህሩ፣ ተማሪውና ወላጁ ተቃውሞውን አደባባይ ይዞ ወጣ። ሕይወት ጠፋ፣ ሰዎች ታሰሩ፣ ውሳኔው ተሻረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በአዳራሽ ውስጥ ቦታ ያላገኘ «አይሆንም» ጎዳና ላይ ቦታ ይፈልጋል። ያኔ ዋጋው የአንድ ሰዓት ክርክር ሳይሆን የሰው ነፍስ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ታላላቆች መጨረሻ ይናገሩ፤ የእነሱን ቃል ሰምቶ የሚቃወም ታናሽ ብዙ አይገኝምና። ሰው በተከሰሰበት ጉዳይ ድምፅ በወረቀት ይሰጥ። ያልተስማማው ሰው ምክንያት በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ሰብሳቢውም «ተቃዋሚ አለ?» ብሎ ለወጉ ያህል ጠይቆ፣ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ መሻገሩን ይተው። እጁን ያላነሣውን ሰው ፊቱን እያዩ «አንተስ ምን ታየህ?» ማለት ይልመድ፤ የተናገረውንም ሰምቶ ይጨርስ።