ጋሼ፣ ፍጥነትዎ በዝቷል

ለረዳት አብራሪነት የሚወዳደር ወጣት ከማይቀሩለት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ከአለቃህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን»። የእኛ ልጆች፣ አዲስ አበባ ያደጉትም ካርቱም ያደጉትም፣ ጥያቄው ወጥመድ ይመስላቸዋል። በጨዋ ድምፅ «እኔ ከአለቃ ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» ይላሉ። አባቶቻቸው ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ለዚህ ሥራ ግን ከዚህ የባሰ መልስ አላውቅም።

እኔ አብራሪ አይደለሁም። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ዲስፓቸር ነበርኩ፤ ነዳጁን አስልቼ፣ የአየር ጠባዩን አንብቤ፣ የበረራ ዕቅዱን ለካፒቴኑ አስረክቤ፣ ሲነሱ በመስኮት የማይ ሰው። ሁለት አብራሪዎች አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰው ሲነጋገሩ ማየት የዘወትር ሥራዬ ነበር። ማን እንደሚናገርና ማን አንገቱን ብቻ እንደሚነቀንቅ ለመለየት የአብራሪ ፈቃድ አያስፈልግም።

የእህቴ ልጅ የበረራ ትምህርቷን በቤተሰብ ገንዘብ ጨርሳ ነው ለሥራ ፍለጋ የተነሳችው። አየር መንገድ ራሱ መልምሎ ካስተማረው ሰው የእሷ ዕጣ ይለያል፤ በሎግ ቡኳ ላይ ከ200 ሰዓት ብዙም ያልዘለለ በረራ ይዛ የየድርጅቱን በር የምታንኳኳው ራሷ ናት። ያን ጊዜ የምንኖረው ካርቱም ውስጥ ዴም፣ ሐበሻ በበዛበት ሰፈር ነበር። ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥያቄና መልስ ጥራዝ ከጓደኞቿ ተቀብላ እንደ ዳዊት ትደግመው ጀመር። ቪ ዋን ምንድን ነው? የጤና ምስክር ወረቀት ስንት ወር ይቆያል? የእንግሊዝኛ ደረጃ 4 በየስንት ዓመቱ ይታደሳል? አንዱንም አትስትም።

አንድ ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ ካፒቴን ወዳጅ ነበሩኝና ቤት ጠርቼ እንዲፈትኗት ለመንኳቸው። አስቀድመን ተማክረናል። ቡናው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ፣ ሰውየው ድምፃቸውን ሳይለውጡ እንዲህ አሏት፦ «ካርቱም እንደ አዲስ አበባ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 386 ሜትር ብቻ ናት፤ እዚህ ስትነሺ ስለ ከፍታ አትጨነቂ»። እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ አንገቷን ነቀነቀች።

እንግዳው ሲሄዱ ወረቀት አውጥታ ለእኔ አሰላችልኝ። ግንቦት ላይ ካርቱም 45 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የመደበኛው አየር ሙቀት 12 ወይም 13 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ያህል ብትደምር፣ ክንፉና ሞተሩ ከ5000 ጫማ በላይ እንዳለ አየር ውስጥ የሚሠሩ ያህል ይሆናል። የካርቱም መንደርደሪያ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ይምርሻል፤ ወደ ምዕራብ ሄደሽ አጭር መንደርደሪያ ላይ፣ ሙሉ ጭነት ይዘሽ ግን አይምርሽም። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልናገር? የአባቴ እኩያ ናቸው እኮ»።

ይህን ያለችው ልጅ ደካማ ተማሪ አይደለችም፤ በሚገባ ያደገች ልጅ ናት። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። አየር መንገድ ኮክፒት ውስጥ ሁለት ሰው የሚያስቀምጠው አንዱ ሲስት ሌላው እንዲይዘው ነው። የረዳቱ ደመወዝ የሚከፈለው በከፊል ካፒቴኑን ለማረም ነው። ያወቀችውን ለእኔ ማድ ቤት ውስጥ ብታሰላው መንገደኛውን አይጠቅመውም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1999 ዓ.ም. ሌሊት የኬንያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከካሜሩን ዱዋላ ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ረግረግ ውስጥ ወደቀ። የነበሩበት 114 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። አብራሪዎቹ አውቶፓይለቱ የያዘላቸው መሰላቸው፤ አልያዘም፤ አውሮፕላኑ በጨለማ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ አዘነበለ። መርማሪዎቹ ካፒቴኑ በበታቾቹ ላይ የሚጫን፣ የ23 ዓመቱ ረዳት ደግሞ ዝምተኛና የማይደፍር እንደነበሩ ጻፉ። ከማማው ፈቃድ ሳይሰጣቸው ሲነሱም ረዳቱ አላስቆመም። ያንን ወጣት ሳስበው የሰው አገር ሰው አይመስለኝም። ጎረቤት ስንት አለ እንደሱ ያለ፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» የሚባል።

ስለዚህ ጥራዙን አስቀምጠን ልምምዱን መኪና ውስጥ ጀመርን። እኔ ካፒቴን ሆንኩ፣ እሷ ረዳት። በአፍሪካ ጎዳና ስንሄድ ሆን ብዬ ፍጥነት እጨምራለሁ፣ ወይም መታጠፊያዬን አልፋለሁ፤ ሥራዋ መናገር ነው። መጀመሪያ ያለችው «ጋሼ፣ ዛሬ መንገዱ ጭር ብሏል» ነበር። እኔም «አዎ» ብዬ ነዳሁ። ቀጥላ «እዚህ ጋ ትራፊክ ፖሊስ አይጠፋም» አለች። ነዳሁ። ሰም ለብሶ የሚመጣ ነገር በሰርግ ቤት ያምራል፤ ፍሬን ላይ እግር ለማሳረፍ ግን ጊዜ ይፈጃል። በስንት መከራ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ፍጥነትዎ በዝቷል፤ ይቀንሱ» አለችኝ። ጋሼም አለ፣ አክብሮቱም አለ፣ እርማቱም አለ። ማንም አልተዋረደም። ፈተናው ላይ «ከአለቃህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አያስፈልጋትም ነበር፤ የሆነውን እንደሆነው መናገር።

ሙያው ራሱ ለዓይን አፋር ሰው አዝኖ የተዘጋጁ ቃላት ሰጥቶታል። ለማረፍ ሲወርዱ በተወሰነ ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ ሰማዩ ጥርት ባለበት በ500 ጫማ፣ ፍጥነቱና አቅጣጫው ካልተስተካከለ «ጎ አራውንድ» ማለት ብቻ ነው። በብዙ አየር መንገዶች ቃሉን ከሁለቱ ማንም ይበለው ማን አውሮፕላኑ ይነሳል፤ ክርክሩ መሬት ከደረሱ በኋላ ነው። ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው ይህን ደንብ በቃል ይዞት ሳይሆን በድምፁ ተለማምዶት ይግባ።

ሌላው የሚያስፈራቸው ቃል «ደክሞኛል» ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 መውረጃው ደርሶ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ቦሌን አልፎ ሄደ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ቢጠሩት መልስ አልነበረም። አውቶፓይለቱ ሲላቀቅ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ዞረው በሰላም አረፉ። የአቪዬሽን ዘገባዎች አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ጻፉ፤ አየር መንገዱም ምርመራው እስኪያልቅ ከበረራ አነሳቸው። ካርቱም ያለን የአየር ማረፊያ ሰዎች ለሳምንታት ያወራነው ስለዚሁ ነበር፤ ብዙው ወሬ ቀልድ ነበር፣ እኔን ግን አላሳቀኝም። ጠያቂዎች «ሌሊቱን ሳትተኛ አድረህ ንጋት ላይ ለበረራ ብትጠራስ?» ሲሉ፣ «ለድርጅቴ ስል እሄዳለሁ» የሚል ወጣት አሁንም ብዙ ነው። ታማኝነት መስሎት ነው። ትክክለኛው መልስ «ለመብረር ብቁ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ይመደብ» ነው።

ይህን ስናገር ሽማግሌዎች ይቆጡኛል። «እንዲህ ብትናገር ባለጌ ብለው ያባርሯታል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንደዚያ የሚያደርጉ ጠያቂዎች አሉ። ተወዳዳሪው «አላውቅም» ሲል ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ሲስማማላቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ኮክፒት ውስጥ የሚናገር ሰው አጣን ብለው ሥልጠና ይገዛሉ። ወጣቱን ብቻ መምከር ግማሽ ሥራ ነው።

ልጅቷ ካርቱም ውስጥ ተፈትና ነበር፤ ለሲሙሌተር ፈተና እየጠበቀች ሳለ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቀዳም ስዑር ጦርነቱ ፈነዳ። ዶሮው ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው በመጀመሪያው ቀን የጦር ሜዳ ሆነ፤ ወደ ሪያድ ሊነሳ የተዘጋጀ የሳውዲ ኤርባስ ሳይቀር ተመታ። አሁን አዲስ አበባ ናት፤ የጤና ምስክር ወረቀቷን እያሳደሰች ታመለክታለች። ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የበድር አየር መንገድ አውሮፕላን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ካርቱም ሲያርፍ ዜናውን የላከችልኝ እሷ ናት።

ወደ ፖርት ሱዳን የሸሹት ድርጅቶች ሲመለሱ፣ የእኛዎቹም ትንንሽ አየር መንገዶች ሲያድጉ፣ ረዳት አብራሪ መቅጠራቸው አይቀርም። ለሚቀጥሩት ሰዎች አንድ ርካሽ ነገር ልጠቁም። ለተወዳዳሪው በሚሰጡት የበረራ ወረቀት ላይ የካርቱምን መንደርደሪያ 36 የሚለውን 63 ብለው ይጻፉ። የመንደርደሪያ ቁጥር ከ36 እንደማያልፍ የበረራ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ከጠያቂዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ወረቀቱን በሙሉ ልብ ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ አንብበው ሲጨርሱም «ይቅርታ፣ ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» እስኪባሉ ይጠብቁ። ብዙ ሳይጠብቁ አይቀሩም።