ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል

በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጽ የምናቀርበው ነገር በፍኖተ ሰላም ከገዛ ቤታችን የተገኘ ነው። ልጃችን ከመማሪያ መጽሐፉ «ድሩፒ» የሚል የእንግሊዝኛ ቅጽል አግኝቶ ፍቺውን ቢጠይቀን፥ የፍርድ ግልባጭ ለመጨረስ እንቸኩል ነበርና፥ «የረገበ ማለት ነው» ብለን ሳንመረምር መለስንለት። እርሱም ስለ አያቱ በጻፈው ድርሰት «ጉንጫቸው የረገበ» ብሎ አግብቶ በፊታቸው አነበበው። እናታችን የቡሬ ገጠር ተወላጅ ናቸው፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ስሕተቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ ነበር። በአማርኛ የሚረግብ አስቀድሞ ተወጥሮ የነበረ ነገር ነው። በቅኔ ማሕሌት ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የከበሮ ቆዳ በክረምት እርጥበት ይረግባል፥ ፀሐይ ሲያሞቀው መልሶ ይጠብቃል፤ የበገና አውታር ይረግባል፤ የአልጋ ጠፍርም ሰው ሲተኛበት ኖሮ ይረግባል። የታሰረ ነገር ሲሆን ላላ፥ ቤት ሲሆን ዘመመ ይባላል። በቡሬ ማሳ ላይ ውሃ የጠማውን በርበሬ ጠወለገ እንጂ ረገበ የሚል ገበሬ የለም። ላላ የሚለውንማ የሰዋስው መምህራን ለድምፅ እንኳ ወስደውታል፤ «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን፥ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል ምንጭ ግን ከገመድና ከቆዳ አይደለም። ከሰሜን አውሮፓ በመርከብ መጥተው በእንግሊዝ አገር ከሰፈሩ ሰዎች ቋንቋ የተወረሰ ነው፤ ግሱም በኀዘን ራስን ዘንበል ማድረግን ያመለክት ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት «ድሩፒ» የሚባለው የተከዘ ሰው ነበር፤ ለተንጠለጠለ ጆሮና ለዛለ ቅጠል መነገሩ ኋላ የመጣ ነው። «ሳጊ» የሚባል ሌላ ቅጽልም አላቸው፤ ከእኛ ሳግ ጋር ድምፁ ተገናኘ እንጂ ዝምድና የለውም።

ማታ ይህን ሁሉ ለእናታችን ገልጠን ይቅርታ ለመንን። «ቃሉ ያዘነ ሰው ማለት ኖሮአል» ብንላቸው፥ «እንግዲያስ ዛሬ ገና ልክ ሆነ» አሉ። ልጁ ጽሑፉን ሊፍቅ ሲነሣም ከለከሉት።

«ተወው ልጄ፤ ከበሮስ በሆንሁ መልካም ነበር። ፀሐይ ላይ ብታወጡኝ እጠብቅ ነበር» አሉና ሣቁ።