ስለ አሮጌው ቴፕና በውስጡ ስላደረ ድምፅ

ማናቸውም ቤት በየጊዜው ይጠረጋል። ይልቁንም ዘመን መለወጫ ሲቃረብ አሮጌው ዕቃ ከአዲሱ ተለይቶ ይወጣል፤ ይህም ለንጽሕናና ለጤና የሚገባ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ከሚጣለው ጋራ ዋጋው በገበያ የማይተመን ነገር አብሮ እንዳይወጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ባለፉት ዘመናት በየቤቱ ክብር ስለ ነበራቸው ስለ ሸክላ ማጫወቻ፥ ስለ ሬዲዮና ስለ ቴፕ ጥቂት እንነጋገራለን።

ድምፅን ቀርጾ የሚያስቀምጥ መሣሪያ በአገራችን የታወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ላኩ። ነገር ግን ቃሉ ከተሰማ በኋላ የተቀረጸበት ሰም እንዲጠፋ አሳስበው ስለ ነበረ ያ ድምፅ ዛሬ የለም። በሚከተለው ዓመት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓይነት መሣሪያ መልሳቸውን አስቀረጹ፤ ይህኛው ተጠብቆ ስለ ቆየ፥ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እኛ የልጅ ልጆች የሁለቱን ድምፅ በጆሯችን እንሰማለን። እንግዲህ ሁለቱም ቃላት የነገሥታት ቃል ሲሆኑ አንዱ ጠፍቶ ሌላው የተረፈው ስለ ምን ነው ቢሉ፥ አንዱን የሚጠብቅ ሰው ስለ ተገኘለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሸክላ መጣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላውም በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይጫወት ነበርና፥ አድማጩ እየተነሣ ማጫወቻውን በእጁ መጠምዘዝ፥ መርፌውን ማንሣትና ሸክላውን መገልበጥ ነበረበት። በድንገት ሲወድቅም እንደ ስሙ እንደ ሸክላ ይሰበራል። በኋላም በ1961 ዓ.ም. አቶ አምኃ እሸቴ የራሳቸውን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁመው የዘመኑን ዘፋኞች ድምፅ ለሕዝብ አደረሱ።

የሬዲዮ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ የሬዲዮ ማሠራጫ ከጠላት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ተቋቁሞ ነበር፤ ከድል በኋላም በ1933 ዓ.ም. እንደ ገና ተናገረ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሬዲዮኖች ከባድ ሣጥኖችና ብዙ ኃይል የሚሹ ስለ ነበሩ ከከተማ እምብዛም አልራቁም። ሬዲዮን ወደ ደጋው ያደረሳት በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የተፈለሰፈው ትራንዚስተር የሚባለው ትንሽ ብልሃት ነው። በእርሱ ምክንያት ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ ብቻ የምትናገር፥ በትከሻም የምትንጠለጠል ሆነች።

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፥ በቀየትም ሆነ በሌላው መንደር፥ ሬዲዮ ስትገባ የተሰጣት የእንግዳ ቦታ ነው። ከጢስና ከአቧራ እንድትጠበቅ እመቤቲቱ ዳንቴል ታለብሳታለች፤ ልጅ አይነካትም፤ መክፈትና መዝጋት የአባወራው ሥራ ነው። ባትሪ ድንጋይ ሲደክምም ወዲያው አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሙቀቱም ለጊዜው ነፍስ ዘርቶበት ለአንድ ማታ ዜና ይበቃል። ሲመሽ ጎረቤት ባናውን ደርቦ ይመጣል። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ይሰማ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን ድምፅ፥ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ ተናገሩ። በደርግ ዘመን የውጭ አገር ወሬ የሚደመጠው በር ተዘግቶ፥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፥ ጆሮ ወደ ሣጥኑ ተጠግቶ ነበር።

ብዙ ሰዎች ዛሬ ያን ጊዜ ይናፍቃሉ። ናፍቆታቸው ግን በእውነቱ ለሣጥኑ አይደለም። የሣጥኑ ድምፅ ይንኳኳል፥ ይጠፋል፥ ይመለሳል፤ የዛሬው የእጅ ስልክ እጅግ ጥርት አድርጎ ይናገራል። የሚናፈቀው አንድ ሣጥን ብዙ ጆሮ መሰብሰቡ ነው። ሁሉም አንድ ነገር በአንድ ሰዓት ሰምቶ፥ ሽማግሌው ተርጉሞት፥ ወጣቱ ጠይቆበት፥ ያልተስማማውም ተከራክሮበት ይበተን ነበር። ዛሬ በአንድ ቤት አምስት ሰው ተቀምጦ አምስት ልዩ ልዩ ነገር ያዳምጣል። ይህን በትእዛዝ መመለስ አይቻልም፤ በሳምንት አንድ ማታ ግን አብሮ መስማት ለሚፈልግ ቤተ ሰብ የሚከለክለው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልናሳስብ የምንወድደው ግን ስለ ቴፕ ነው። ሬዲዮ የሌላውን ቃል ያሰማል፤ ቴፕ ግን የራሳችንን ቃል ይይዛል። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ካሴትን በ1955 ዓ.ም. ካወጣ በኋላ፥ ጥቂት ቆይቶ ይህች ትንሽ ዕቃ የየቤቱ ጸሐፊ ሆነች። መጻፍ የማይችሉ እናት በአረብ አገር ወይም በአሜሪካ ላለ ልጃቸው ሰላምታቸውን በካሴት ተናግረው ይልኩ ነበር፤ እርሱም በዚያው መንገድ ይመልስ ነበር። የሠርግ ዘፈን፥ የሽማግሌ ምርቃት፥ ፉከራና ቀረርቶ፥ የለቅሶ ሙሾ በካሴት ተቀረጸ። በማማ፥ በላሎና በጌራ ምድር ደግሞ ርስት የሚገኘው ከአቅኚ አባት ጀምሮ ትውልድ በመቁጠር ስለ ነበረ፥ ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ እንደ መዝገብ ይከበር ነበር። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ያ ቆጠራ ለሙግት አላስፈለገም፤ እየተረሳም ሄደ። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ቃል ቀርጾ ያስቀረ ቤት ቢኖር በእጁ ያለው ተራ ካሴት ሳይሆን የዘር መዝገብ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ይስማማል።

ይህ ሀብት ግን በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው የዕድሜ ነገር ነው። በአንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ውስጥ 90 ሜትር ያህል ቀጭን ክር አለ፤ ድምፁ ያለው በክሩ ላይ በተለበጠው የብረት ዝገት ትቢያ ላይ ነው። ትቢያው በጊዜ ብዛት ይረግፋል፤ የማጫወቻው ላስቲክም ይላላል፥ ይበጠሳል፤ የሚጠግን ባለሙያም እያነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው የቸልታ ነገር ነው። ልጅ ዘፈን ሊቀዳ ሲል በአያቱ ምርቃት ላይ ይቀዳል፤ ክፉ ልብ ኖሮት አይደለም፤ ካሴቱ ላይ ስም ስላልተጻፈ ነው። ያንጊዜ ያ ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላም የሚመልሰው ብልሃት የለም።

ስለዚህ ቴፕ ያለው ቤት ሁሉ የሚከተለውን ቢያደርግ መልካም ነው። አስቀድሞ በየካሴቱ ላይ የተናጋሪውን ስም፥ ቦታውንና ዓመቱን ይጻፍ። በካሴቱ ጀርባ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበር፤ እነርሱ ከተሰበሩ መሣሪያው በላዩ መቅዳት እንቢ ይላል። ማስቀመጫው ከእሳት ጢስ፥ ከፀሐይ፥ ከእርጥበትና ከማግኔት የራቀ ይሁን፤ የድምፅ ማጉያ ሣጥንም ማግኔት አለበትና ካሴት በላዩ አይቀመጥ። የደረቀ የደጋ ብርድ ለክር ከሙቀት ይሻላል። በማይሠራበት ቴፕና ሬዲዮ ውስጥ ባትሪ ድንጋይ አይተው፤ ውኃው ፈስሶ ብረቱን ይበላል።

ለመስማት በተፈለገ ጊዜም መጀመሪያ ክሩ የሚነካው የብረት ገጽ በጥጥና በአልኮል ይጠረግ፤ በቤት ውስጥ የማያሳዝን ሌላ ካሴት ካለ በእርሱ ይፈተን፤ ቴፑ ክር የሚበላ ከሆነ የአባት ድምፅ አይሰጠው። ብዙ ዘመን የተቀመጠው ክር አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይጠንጠን። ከዚህ በኋላ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር በሽቦ ቀጥሎ መገልበጥ ይቻላል። ሽቦ ባይገኝ እንኳ ጸጥ ባለ ክፍል የእጅ ስልክን አጠገቡ አኑሮ መቅዳት ምንም ካለማድረግ ይሻላል። የተገለበጠውም በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በቤት፥ አንዱ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን። ዋናው ካሴትም ከተገለበጠ በኋላ አይጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር አይረሳ። ድምፃቸው ያልተቀረጸ፥ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችና እናቶች በየቤታችን አሉ። የእጅ ስልካችን ከዚያ ከአሮጌው ቴፕ ይልቅ ቀሊልና ታማኝ ቀራጭ ነው። ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ ከፊታቸው በአክብሮት ተቀምጠን፥ ትውልዳቸውን እንዲቆጥሩልን፥ ያዩትን እንዲነግሩን፥ በመጨረሻም እንዲመርቁን እንለምናቸው። መሣሪያ በየዘመኑ ይለወጣል፤ ፎኖግራፍ አለፈ፥ ሸክላ አለፈ፥ ካሴትም እያለፈ ነው፤ የዛሬውም በተራው ያልፋል። ቃሉን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገሩ ለልጅ ማድረስ ግን የቤተ ሰቡ አደራ ነው።